ፖሊስ «መኪናህን ስጠኝ» ቢል ምን ይደረጋል?

ከ«በሕግ አምላክ» እስከ ኦሃዮ ሕገ መንግሥት

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እዚሁ ኒር ኢስት ሳይድ፣ ከኢስት ብሮድ ጎዳና ገባ ብሎ ካለ የአንድ ወዳጃችን ቤት ቡና ተፈልቶ አምስት ሆነን ተቀምጠን ነበር። ከመካከላችን ሁለቱ ታክሲ ነጂዎች ናቸው። በቴሌቪዥኑ የፈረንጅ ፊልም ይታያል። ፊልሙ ውስጥ አንድ ፖሊስ በሩጫ መጥቶ መብራት ይዞት የቆመ መኪና በር ከፈተ፤ መታወቂያውን ብልጭ አድርጎ ሾፌሩን አወረደና በሰውየው መኪና ወንጀለኛ ማሳደድ ጀመረ። በሁለት ደቂቃ ውስጥ መኪናው እንዳልነበረ ሆነ። ስለ ባለቤቱ ማንም ነገሬ ያለ የለም።

ይህን ጊዜ ወጣቱ ታክሲ ነጂ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ጋሼ፣ ይሄ ነገር እውነት ነው እንዴ? ነገ እኔን ቢያስወርደኝስ? የመኪናዋ ዕዳ እኮ ገና አላለቀም» አለኝ። እኔ ከመመለሴ በፊት በዕድሜ የሚበልጠው ነጂ ቀደመኝና፣ «መንግሥት ከፈለገ ምን ታደርጋለህ ልጄ? ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» አለው። ሁላችንም ሳቅን። ቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣም። ብዙዎቻችን እንጀራችን ከመኪናችን ጋር የተያያዘ ነው፤ መኪናው ለአንድ ሳምንት ቢቆም የቤት ኪራዩም፣ ለአገር ቤት የሚላከውም ይቆማል። ስለዚህ ጥያቄው መልስ ይገባዋል ብዬ ይህችን ጽሑፍ አዘጋጀሁ። ዓመቶቹ «ዓ.ም.» ካልተባለባቸው በቀር በፈረንጅ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

በአገራችን የመንገደኛ ግዴታ

ነገሩን ከራሳችን እንጀምር። መንገደኛ ሰው ለሕግ እንዲተባበር መገደዱን አገራችን ከፈረንጅ የተማረችው አይደለም። እዚህ ያደጉ ልጆቻችን ላያውቁት ይችላሉና ላስረዳ። ዱሮ ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ቢጣሉ አንደኛው «በሕግ አምላክ!» ወይም «በንጉሥ አምላክ!» ካለ ሌላው ባለበት ይቆማል። የሚያልፈው መንገደኛ ደግሞ፣ ገበሬም ይሁን ነጋዴ፣ «ዳኛ ሁነን» ከተባለ «መንገድ ቸኩያለሁ» ብሎ ማለፍ ነውር ነበር። ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ይሰማል፤ ካልቻለ ወደ ባላባቱ ወይም ወደ ሹሙ ይመራቸዋል። ተከራካሪዎቹም እንዳይጠፋፉ ነጠላቸውን አቋጥረው ጎን ለጎን ይሄዱ ነበር።

ኡኡታ ሲሰማም እንደዚሁ ነው። ሌባ ገብቶ ወይም ሰው ተገድሎ እሪ ከተባለ የሰማ ሁሉ በትሩን ይዞ ይወጣል። ወንጀለኛው ካልታወቀም አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ የሚባለው ሥርዓት ነበር። ያገሩ ሰው በሙሉ አንድ ሜዳ ላይ ተሰብስቦ ጥፋተኛው እስኪወጣ ድረስ ከዚያ አይነቃነቅም፤ ሥራ ፈቶ ይውላል፣ አንዳንዴም ያድራል። ዛሬ ስናስበው ከባድ ነው፤ ሐሳቡ ግን ግልጽ ነበር። ሕግ ማስከበር የሹሙ ሥራ ብቻ ሳይሆን የመንደሩ ሁሉ ዕዳ ነው።

ይህ እንግዲህ የሰውን ጉልበትና ጊዜ የሚመለከት ነው። የሰውን ንብረት መውሰድ ግን ሌላ ታሪክ አለው፤ ታሪኩም ያን ያህል የሚያኮራ አይደለም። የንጉሥ እንግዳ ወይም መልእክተኛ በመንገድ ሲያልፍ ገበሬው ድርጎ ያወጣል፤ እንጀራው፣ በጉ፣ ማሩ፣ ለበቅሎው ገብሱ ከገበሬው ቤት ነው። ሠራዊት ሲንቀሳቀስ ደግሞ ወታደሩ በየጎጆው ይመራል። ባለቤቱ የገዛ ጎተራው ሲራገፍ ቆሞ ከማየት በቀር የሚለው አልነበረም።

ነገሥታቱም ይህ አገር እንደሚያጠፋ ሳያውቁት አልቀሩም። ዐፄ ቴዎድሮስ በዘመናቸው መጀመሪያ ወታደሩ ከገበሬው መንጠቁን ትቶ ደመወዝ እየተቀበለ እንዲኖር ሞክረው ነበር። በመጨረሻው ግን ገንዘቡም ታማኙም ሲያልቅባቸው በ1866 ራሳቸው ጎንደርን አስዘረፉ። በ1868 የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ወደ መቅደላ ሲዘምት ስንቁንና የጭነት ከብቱን ከያገሩ ሰው በማርያ ቴሬዛ ብር እየከፈለ ይገዛ ስለነበር ባላገሩ እህሉንና ሣሩን ይዞ ወደ ሰፈሩ ይመጣ ነበር። የራሱ ንጉሥ ጦር ሲመጣ የሚሸሽ ገበሬ ለባዕድ ጦር ገበያ መውጣቱ ብዙ የሚያስተምር ነገር ነው። ዐፄ ምኒልክም በ1892 አሥራት እንዲከፈል ያደረጉበት አንዱ ምክንያት ወታደር በገበሬው ቤት እየተመራ መብላቱ ቀርቶ ገበሬው የታወቀ ነገር ከፍሎ እንዲያርፍ ነበር።

የአጎቴ ኤን ትሬ

መኪና ሲመጣ ታሪኩ መልኩን ለወጠ እንጂ አልቀረም። በደርግ ዘመን የግል የጭነት መኪናዎች በቀጠና ተደራጅተው ስምሪታቸውን ከመንግሥት ይቀበሉ እንደነበር ያ ትውልድ ያስታውሳል። አጎቴ አንዲት ፊያት ኤን ትሬ ነበረችው። እሷን ለመግዛት ሃያ ዓመት ሙሉ ለሌላ ሰው ሾፍሯል። በ1977 ዓ.ም. በዚያ በክፉው የረሀብ ዘመን አንድ ቀን ማለዳ ሁለት ሰዎች መጡና መኪናዋ ለአስቸኳይ ግዳጅ እንደምትፈለግ ነገሩት። ለረሀብተኛ ነው ሲባል አጎቴ ቅር አላለውም፤ «ለወገን ነው» ብሎ ራሱ ነድቶ ሄደ። ከአንድ ወር በኋላ እሱን አስወርደው በሌላ ሾፌር አስነዷት። ከአራት ወር በኋላ ሞተሯ ተቃጥሎ፣ ጎማዎቿ ተለውጠው ተመለሰች።

አጎቴ የጠፋውን ገንዘብ ሳይሆን ሌላ ነገር እያነሣ ነበር እስኪሞት የሚቆጨው። «ማንን እንደምጠይቅ ባውቅ!» ይል ነበር። የትኛው ቢሮ፣ በማን ፊርማ፣ በምን ደብዳቤ እንደወሰዳት የሚናገር ወረቀት በእጁ አልነበረም። መኪናዋ ወደ መንግሥት ሄደች፤ መንግሥት ደግሞ በር የለውም። «ንጉሥ አይከሰስ» ማለት ትርጉሙ ይኸው ነው።

ከዚያ ወዲህ ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም የግል ንብረት ሲወስድ ተመጣጣኝ ካሣ አስቀድሞ እንዲከፍል ደንግጓል። ሆኖም በአንቀጽ 93 መሠረት አስቸኳይ ጊዜ ሲታወጅ ሊታገዱ ከማይችሉት ጥቂት መብቶች መካከል የንብረት መብት የለበትም። በሰሜኑ ጦርነት ወቅት፣ ጥቅምት 21 ቀን 2014 ዓ.ም. የአማራ ክልል መንግሥት መሥሪያ ቤቶች መደበኛ ሥራቸውን አቁመው በጀትና ሀብታቸውን ለዘመቻው እንዲያውሉ ሲያዝ፣ ነዋሪዎችም የግል ተሽከርካሪዎቻቸውን ለዘመቻው እንዲያቀርቡ ጥሪ አድርጎ ነበር። ያ ጦርነት የሁላችንንም ቤት በልዩ ልዩ መንገድ ያንኳኳ ስለሆነ እዚህ ላይ ፍርድ አልሰጥም። ለጉዳያችን የሚጠቅመው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «መኪናህን አምጣ» የሚለው ትእዛዝ የፊልም ተረት አይደለም።

የእንግሊዝ ጩኸትና የኒው ዮርክ ታክሲ

አሁን ወደምንኖርበት አገር እንምጣ። የአሜሪካ ሕግ ሥሩ እንግሊዝ ነው። በንጉሥ ኤድዋርድ አንደኛ ዘመን፣ በ1285 የወጣው የዊንቸስተር ድንጋጌ ልክ እንደ እኛ ኡኡታ ያለ ሥርዓት ነበረው። ወንጀል ሲፈጸም ጩኸት ይነሣል፤ የሰማ ሁሉ ሌባውን ከከተማ ወደ ከተማ እየተቀባበለ ያሳድዳል። እያንዳንዱ ጎልማሳ ሰው እንደ ሀብቱ መሣሪያ ይይዛል፤ ሀብታሙ ፈረስ ጭምር። ይህ ሥርዓት ባሕር ተሻግሮ አሜሪካ ሲገባ ሸሪፍ በአካባቢው ያለውን አዋቂ ሰው ሁሉ «ተከተሉኝ» የማለት ሥልጣን ያዘ። በካውቦይ ፊልም ላይ ሸሪፉ ከቡና ቤት ሰው ሰብስቦ በፈረስ ሲወጣ የምናየው ይኸው ነው።

በመኪና ዘመን ይህ ግዴታ ምን ይሆናል የሚለው ጥያቄ ለፍርድ የቀረበው፣ እንደ አጋጣሚ ሆኖ፣ በአንድ ታክሲ ነጂ ምክንያት ነው። ኒው ዮርክ ከተማ ውስጥ አንድ ፖሊስ ዘሎ በታክሲው መርገጫ ላይ ቆመና ሾፌሩን ከፊት ያለውን መኪና እንዲያሳድድ አዘዘው። ሾፌሩ ታዘዘ። በማሳደዱ ላይ ከሌላ መኪና ጋር ተጋጨና ሞተ። ቤተሰቡ የሥራ ላይ አደጋ ካሣ ሲጠይቅ የታክሲው ኩባንያ «በዚያች ሰዓት የሚሠራው ለፖሊስ እንጂ ለእኔ አልነበረም» ብሎ ተከራከረ።

ጉዳዩ በ1928 የኒው ዮርክ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርዱን የጻፉት በኋላ ወደ ዋሽንግተኑ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የተሾሙት ቤንጃሚን ካርዶዞ ናቸው። ዳኛው ወደ ኤድዋርድ ዘመን ድንጋጌ ተመልሰው፣ የዜጋው ግዴታ በእጁ ካለው መሣሪያ ጋር ነው አሉ፤ በዚያን ዘመን ፈረስ እንደነበረ ዛሬ መኪና ሆኗል። ኩባንያውም መኪናውን መንገድ ላይ ሲያሰማራ ፖሊስ ሊጠራው እንደሚችል ማወቅ ስላለበት ሾፌሩ የሞተው በሥራው ላይ ነው ብለው ካሣው እንዲከፈል ፈረዱ። እንግዲህ ከአንድ ፍርድ ሁለት ነገር ወጣ። የመጀመሪያው፣ ፖሊስ መኪና ያለውን ሰው ለእርዳታ መጥራቱ በሕግ የታወቀ መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ የታዘዘው ሰው ጉዳት በቤተሰቡ ላይ ብቻ ተጥሎ እንደማይቀር ነው።

ስደተኛው ነጋዴና ኮሎኔሉ

ሁለተኛው ጉዳይ ከዚህም የቆየ ነው፤ ለእኛ ለስደተኞች ግን ይበልጥ ይቀርበናል። ማኑኤል ሃርመኒ የሚባል ስፔን ተወልዶ የአሜሪካ ዜግነት ያገኘ የኒው ዮርክ ነጋዴ ነበር። በ1846 ዕቃውን በሠረገላ ጭኖ፣ በበቅሎ እያስጎተተ ወደ ሳንታ ፌና ወደ ሜክሲኮ ቺዋዋ ለንግድ ወጣ። መንገድ ከጀመረ በኋላ የአሜሪካና የሜክሲኮ ጦርነት መፈንዳቱን ሰማ። በ1847 መጀመሪያ ላይ ከጦሩ ጋር ወደ ፊት መሄድ እንደማይፈልግ ሲናገር ኮሎኔል ዴቪድ ሚቸል የሚባል መኮንን በግድ እንዲከተል አደረገው። ሠረገሎቹና በቅሎዎቹም ለጦሩ አገልግሎት ዋሉ። ጦሩ ቺዋዋን ለቆ ሲሄድ የነጋዴው ዕቃ እዚያው ቀረና ተወሰደ።

ሃርመኒ ኮሎኔሉን ራሱን ኒው ዮርክ ላይ ከሰሰው። ጁሪ ከ90 ሺህ ዶላር በላይ ፈረደለት፤ ለዚያ ዘመን እጅግ ከባድ ገንዘብ ነው። ኮሎኔሉ «የበላይ አዝዞኝ ነው፣ ጦርነት ነበር» ብሎ ይግባኝ አለ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1851 የፍርድ ዘመኑ የነጋዴውን ድል አጸና። ፍርድ ቤቱ ያስቀመጠው መስመር እስከ ዛሬ የሚጠቀስ ነው። መኮንን የሰውን ንብረት በአስቸኳይ ሊወስድ ይችላል፤ ግን አደጋው እደጅ የደረሰ፣ ጊዜ የማይሰጥ ሲሆን ነው። እንዲህ ሲሆን ዕዳው የመንግሥት ነው፤ መንግሥት ለባለንብረቱ ይከፍላል። አስቸኳይ ሳይሆን፣ እንዲያው ሥራ ለማቅለል ተብሎ ከተወሰደ ግን ወሳጁ በግሉ ይጠየቃል። የበላይ ትእዛዝም መሸሸጊያ አይሆነውም።

እውነቱን ሙሉ ለመናገር፣ ያንን ፍርድ የጻፉት ዋና ዳኛ ሮጀር ቶኒ በ1857 በድሬድ ስኮት ጉዳይ ጥቁር ሰው የአሜሪካ ዜጋ ሊሆን አይችልም ብለው የፈረዱት ያው ሰው ናቸው። ለስፔኑ ነጋዴ በቅሎ የቆመው ሕግ በዚያን ዘመን ለጥቁር ሰው ነጻነት አልቆመም። ሕግ መልካም ቃል ሲናገር ለማን እንደሚናገርም መጠየቅ ይገባል።

የኦሃዮ ሕግ ምን ይላል?

ኦሃዮ ሕገ መንግሥቷን ያጸደቀችው በዚያው በ1851 ነው። የመጀመሪያው ምዕራፍ 19ኛ ክፍል ለጥያቄያችን የተጻፈ ይመስላል። የግል ንብረት የማይደፈር ነው፤ ሆኖም ለሕዝብ ደኅንነት ይታዘዛል ይላል። ከዚያ ሁለት መንገድ ያስቀምጣል። በጦርነት ወይም ፋታ በማይሰጥ የሕዝብ ችግር ጊዜ፣ እንዲሁም ያለ ክፍያ ለሕዝብ ክፍት ለሚሆን መንገድ ሥራ ንብረት ሲወሰድ ለባለቤቱ ካሣ በገንዘብ ይከፈላል። በሌላ በማናቸውም ምክንያት ሲወሰድ ግን ካሣው አስቀድሞ መከፈል ወይም ገንዘቡ መያዝ አለበት። መጠኑንም የሚወስነው ጁሪ ነው። ስለዚህ በአስቸኳይ ጊዜ መውሰድ ይቀድማል፣ ክፍያ ይከተላል፤ ክፍያው ግን አይቀርም።

ፖሊስ እርዳታ ሲጠይቅስ? የካውንቲው ሸሪፍ ሥራውን ሲፈጽም ሰው ለእርዳታ እንዲጠራ የኦሃዮ ሕግ ዛሬም ይፈቅድለታል። በተጨማሪም ወንጀል ለማስቆም ወይም ወንጀለኛ ለመያዝ ፖሊስ «እርዳኝ» ያለው ሰው በቸልተኝነት ወይም እምቢ ብሎ ካልረዳ ጥፋት ነው። ነገር ግን ሕጉ አንድ ትልቅ ገደብ አለው፤ ግዴታው የሚኖረው እርዳታው በረዳቱ ላይ ከባድ የአካል ጉዳት ሥጋት የማያመጣ ሲሆን ብቻ ነው። ቅጣቱም ከጥፋቶች ሁሉ የመጨረሻው ቀላሉ ነው፤ እስከ 150 ዶላር መቀጮ እንጂ እስራት የለበትም። ሕጉ «እርዳታ» ይላል እንጂ «መኪና» የሚል ቃል አልጻፈም። የታጠቀ ሰው በከፍተኛ ፍጥነት አሳድድ መባል ያለ አደጋ የሚሠራ ሥራ ነው ብሎ የሚከራከር ሰው ደግሞ ያለ አይመስለኝም።

ከዚህ ጋር የማይምታታ ሌላ ሕግ አለ። ትራፊክ የሚቆጣጠር ፖሊስ «ቁም፣ እለፍ፣ መንገዱን ልቀቅ» ሲል አለመታዘዝ እጅግ የከበደ ጥፋት ነው፤ ሲያስቆሙ መሸሽ ደግሞ እስከ ከባድ ወንጀል ይደርሳል። እሱ ላይ «መብቴ ነው» ብሎ መከራከር አያዋጣም።

አንዳንድ ክፍለ ግዛቶች አሮጌውን ግዴታ ትተውታል። ካሊፎርኒያ ከ1872 ጀምሮ የነበራትን ፖሊስን እምቢ ያለ ሰው የሚቀጣ ሕግ በ2019 ሰርዛለች። በተግባርም ዛሬ ፖሊስ ሬዲዮ፣ ብዙ መኪና፣ ሄሊኮፕተርም ጭምር ስላለው የሰው መኪና የሚፈልግበት ጊዜ እጅግ ጥቂት ነው። ብርቅ ነው ማለት ግን ሕጉ ሞቷል ማለት አይደለም።

ሰፈራችን የከፈለው

ኒር ኢስት ሳይድ የምንኖር ሰዎች የዚያችን 19ኛ ክፍል ትርጉም ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ከመሀል ከተማ የሚለየንን ኢንተርስቴት 71 ማየት ይበቃል። ሎንግ ስትሪትና ማውንት ቨርነን አቬኑ ዱሮ የጥቁር አሜሪካውያን የንግድና የሙዚቃ ማዕከል ነበሩ፤ በ1929 የተከፈተው ሊንከን ቲያትር የዚያ ዘመን ምስክር ነው። በ1960ዎቹ አውራ ጎዳናው ሲሠራ ግን ቤቶችና ሱቆች ፈረሱ፤ ሰፈሩም ከመሀል ከተማ ተቆረጠ። ኢንተርስቴት 70 ደግሞ ወደ አለም ክሪክ ወንዝ አቅራቢያ ሃንፎርድ ቪሌጅ የሚባለውን፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለተመለሱ ጥቁር ወታደሮች የተሠራበትን መንደር ከፍሎት አለፈ።

ይህ በአስቸኳይ የተወሰደ መኪና አይደለም፤ በዕቅድ የተወሰደ ሰፈር ነው። ባለቤቶቹ ለቤታቸው ዋጋ ይከፈላቸዋል ይላል ሕጉ። ለተከራዩ፣ ደንበኞቹን ላጣው ጸጉር አስተካካይ፣ ምዕመናኑ ለተበተኑበት ቤተ ክርስቲያንስ? በፌዴራል ገንዘብ በሚሠራ ሥራ ሁሉ ለሚፈናቀሉ ሰዎች የመዘዋወሪያ ካሣና እርዳታ እንዲሰጥ የሚያዘው አጠቃላይ ሕግ የ1970 ሕግ ነው፤ አብዛኛው ቤት ከፈረሰ በኋላ ማለት ነው። በ2014 ሎንግ ስትሪት ድልድይ እንደገና ሲሠራ የሰፈሩን ታሪክ የሚያሳይ የሥዕል ግድግዳ ተሠርቶለታል። እኔም በዚያ ሳልፍ አጎቴን አስታውሳለሁ። የጎረቤቶቻችን አባቶች ማንን እንደሚጠይቁ ያውቁ ነበር፤ ሕጉ ግን የጠየቁትን ሁሉ አልሰማም።

ካሣው ሁልጊዜ ይገኛልን?

አንባቢን ላለማሳሳት ይህንንም ልጨምር። በ2015 ኮሎራዶ ግሪንዉድ ቪሌጅ ውስጥ አንድ በስርቆት የተጠረጠረ ሰው የማያውቀው ሰው ቤት ገብቶ መሸገ። ፖሊስ እሱን ለማውጣት ቤቱን ለመኖሪያ እስከማይሆን ድረስ አፈራረሰው። ከተማው ለባለቤቶቹ ለጊዜያዊ ወጪያቸው 5 ሺህ ዶላር አቀረበ። በ2019 የፌዴራሉ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት፣ ይህ ወንጀለኛን የመያዝ የፖሊስ ሥልጣን ነው እንጂ ለሕዝብ ጥቅም ንብረት መውሰድ አይደለም ብሎ ካሣውን ነፈጋቸው። በ2020 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም ጉዳዩን ለማየት ፈቃደኛ አልሆነም። እንግዲህ ዛሬ «ወሰደ» እና «ሥራውን ሲሠራ አበላሸ» በሚሉት ሁለት ቃላት መካከል ብዙ ገንዘብ ይወድቃል።

በኦሃዮም ከተሞች በሕግ የተሰጣቸው መከላከያ አለ። ፖሊስ ለአስቸኳይ ጥሪ ሲነዳ አደጋ ቢያደርስ፣ ሆን ብሎ ወይም ፍጹም ግድየለሽ ሆኖ ካልሆነ በቀር ከተማው ላይጠየቅ ይችላል። ከተማን ለመክሰስ ያለው ጊዜም ሁለት ዓመት ነው። ሰነፍ ባለጉዳይ መብቱን በቀን መቁጠሪያ ያጣዋል።

ታዲያ ምን እናድርግ?

እኔ ጠበቃ አይደለሁም፤ ጉዳይ የገጠመው ሰው ጠበቃ ያማክር። ሆኖም ታሪኩን ካየን በኋላ የሚከተለውን ማሰብ አይከፋም።

አንደኛ፤ ሰውየው በእርግጥ ፖሊስ መሆኑን እናረጋግጥ። የደንብ ልብስና የፖሊስ መኪና ከሌለው መታወቂያውን እንጠይቅ፤ ከተጠራጠርን በሩን ቆልፈን 911 እንደውል። ፖሊስ ነኝ ብሎ መኪና የሚቀማ ሌባ ሊኖር ይችላል።

ሁለተኛ፤ እውነተኛ ፖሊስ ከሆነ ግብግብ አንግጠም። አደጋ ካለው በእርጋታ «ለሕይወቴ እሰጋለሁ» እንበል፤ ሌላ እርዳታ፣ ለምሳሌ ስልክ መደወል ወይም ያየነውን መናገር፣ እንደምንችል እንግለጽ። እሱ መኪናውን ከወሰደው ግን እጁን ይዘን አንታገል። የመንገዱ ላይ ክርክር ፍርድ ቤት ውስጥ ካለው ክርክር ይበልጥ ይገድላል።

ሦስተኛ፤ አጎቴ ያላደረገውን እናድርግ። የፖሊሱን ስምና የባጅ ቁጥር፣ የፖሊስ መኪናውን ቁጥር፣ ሰዓቱንና ቦታውን በዚያችው ሰዓት እንጻፍ። የምስክር ስልክ እንያዝ። መኪናችንን ከመውሰዱ በፊትና ሲመለስ ፎቶግራፍ እናንሣ። የፖሊስ ሪፖርት ቁጥር እንጠይቅ።

አራተኛ፤ በዚያው ቀን ለኢንሹራንሳችን፣ ታክሲ ከሆነም ለምንሠራበት ኩባንያ እንንገር። የጠፋውን የሥራ ቀን ሁሉ በደረሰኝ እንያዝ። ጥያቄያችንንም ለከተማው በጽሑፍ እናቅርብ፤ ግልባጩን እናስቀምጥ። እንግሊዝኛው ለሚያስቸግራቸው አባቶቻችንና እናቶቻችን ልጆቻቸው ይጻፉላቸው።

ለመሰናበት ያህል፣ ለወጣቱ ወዳጄ ያልሰጠሁትን መልስ እዚህ ልስጠው። አዎን ወንድሜ፣ አደጋው እደጅ ሲደርስ ፖሊስ እርዳታህን፣ ምናልባትም መኪናህን ሊጠይቅህ ይችላል። ሰው ሊሞት ሲል መኪናውን የሚነፍግ ኢትዮጵያዊ ደግሞ አለ ብዬ አላምንም፤ ኡኡታ ሲሰማ የሚወጣ ሕዝብ ልጆች ነን። አንተ ግን ስትሰጥ ለማን እንደሰጠህ ጽፈህ ያዝ። ለትልቁ ወዳጄ ደግሞ ይህን እላለሁ፤ ሰማይ አሁንም አይታረስም። ንጉሥ አይከሰስ የሚለውን ግን አንድ ስፔን የተወለደ ስደተኛ ነጋዴ ስለ በቅሎዎቹ ኮሎኔል ከሶ ከረታ እነሆ ከ170 ዓመት በላይ ሆኖታል። እኛም ስደተኞች ነን፤ ያንን በር ማንኳኳት እንልመድ።

ቸር ይግጠመን።